የማይሰበረው ማንጎ፦ አራት ቀን በድሬዳዋ

ሰኞ ጠዋት፣ ለቡ ጣቢያ

ወደ ድሬዳዋ የሄድኩት አንድ ማሽን ለማስመለስ ነው። እውነቱን ለመናገር ባቡሩ ሳይነሳ የሪፖርቱን ግማሽ ጽፌው ነበር።

መጋላ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር አምስት ሴቶች ተደራጅተው ፍራፍሬ ያደርቃሉ። ማሽኑን በውሰት የሰጣቸው እኔ የምሠራበት ድርጅት ነው። ማንጎና ፓፓያ ቆራርጠው ያስገቡበታል። ማሽኑ መጀመሪያ ፍሬውን ድንጋይ እስኪሆን ያቀዘቅዘዋል፤ ቀጥሎ አየሩን መጥጦ ያወጣና በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ተኖ እንዲወጣ ያደርጋል። የሚወጣው ፍሬ ቀለሙም ጣዕሙም አብዛኛው ቫይታሚኑም እንዳለ ሆኖ እንደ ቆሎ ጥርስ ላይ የሚሰበር ነው። በደንብ ከታሸገ ዓመታት ይቀመጣል።

የእነሱ ግን አልሰበር አለ። የሚገዛቸው አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሁለት ጊዜ መለሰባቸው፤ ለስልሶ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ አንዳንዱም ሻግቶ። ሐሙስ የሚያስረክቡት ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው። እሱም ከተበላሸ ማሽኑ ተነቅሎ ሌላ ከተማ ተራ ለሚጠብቁ ይሰጣል። የሚወስነው የእኔ ሪፖርት ነው። ሁለት ወር ሙሉ በስልክ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ሰዓቱ ስጠይቃቸው ከርሜ መልሱን ይዤው ነበር፦ ቸኩለው ሳይደርቅ ያወጡታል። አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቼ ይህን ካላወቅኩማ ምን አወቅኩ!

መንገድ ላይ

አዳማ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅኩ። መተሐራ ላይ በጥቁሩ ድንጋይ መሃል የተኛውን በሰቃ ሐይቅ እያየሁ ከቤት የያዝኩትን ፍርፍር በላሁ። ከሚኤሶ ወዲያ ግመሎች ግራር ሲቀነጥቡ ይታያሉ፤ የመስኮቱ መስታወትም ሲነኩት ያቃጥላል።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት የድሬዳዋ ነጋዴ ናቸው። የምሄድበትን ጉዳይ ስነግራቸው፣ ማንጎ በሞላበት አገር ደረቅ ማንጎ ማን ይበላል ብለው ሳቁብኝ። በግንቦት ከሰው ሲተርፍ የት ይገባል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ይበሰብሳል አሉ፤ ከዚያ በኋላ አልሳቁም።

ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። ባጃጅ ነጂው ሦስት መቶ ብር ጠራ። ስስቅበት "አቦ፣ ሙቀቱን አስቢው እንጂ!" ብሎ በሁለት መቶ ወሰደኝ።

መጋላ

የሴቶቹ ኃላፊ አሚና ትባላለች፤ ሰፈሩ ሁሉ በአክብሮት አዴ አሚና ነው የሚላት። በእድሜ እናቴን ትሆናለች። አንቱ ስላት ግን ገና በሩ ላይ ተቆጣችኝ፤ ድሬ አንቱ የለም፣ ከራቅሽኝ ሻይ አልሰጥሽም አለች። ሻዩን ጠጣሁ፣ አንቱታውን ጣልኩ።

ሃያ ዓመት ከፊራ በሚባለው ገበያ ማንጎ ሸጣለች። ያላለቀላትን ማታ ማታ ለፍየል ስትደፋ ኖራ፣ ይህ ማሽን ሲመጣ የደፋችው ሁሉ የተመለሰላት መሰላት። ይህን ስትነግረኝ እጇን ማሽኑ ላይ ጭና ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ሪፖርት ከበደኝ።

ማክሰኞ ከፊራ ሄደን ማንጎ ገዛን። ረፋዱ ላይ ተቆርጦ፣ ትሪ ላይ ተደርድሮ ገባ። ማሽኑን አገላብጬ ፈተሽኩት፤ አንድም ጉድለት የለበትም። ከለመዱት ሰዓት ላይ አራት ሰዓት ጨመርኩና፣ ችግራችሁ ይኸው ነበር፣ አሁን ተኙ አልኳቸው። እንዴት ያለ ኩራት ነበር የኮራሁት!

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ

ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ሱቁም ሰዉም ያርፋል፤ ከተማው የሚነቃው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ሴቶቹም ማሽኑን የሚከፍቱት ያኔ ነው። ላብ አጥምቆኝ ማሽኑ ባለበት ቤት ምንጣፍ ላይ ተዘርሬ ሳለ ከሴቶቹ በእድሜ የምታንሰው ሐያት በባልዲ ውሃ ይዛ መጣችና የየክፍሉን ወለል ረጨችው። ወዲያው ቤቱ ቀዝቀዝ አለ። እጇን ይባርከው አልኩ፣ ከልቤ ነው።

ትሪዎቹ ወጡ። አንዱን ቁራጭ አነሳሁና ሰበርኩት፤ ቀጭ አለ። አዴ አሚና ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔማ ሪፖርቱን በልቤ አሳምሬ ጨርሼዋለሁ፤ ስህተቱን ያገኘችው ባለሙያ እኔ ነኛ።

ሴቶቹ ትሪዎቹን ከበው ተቀመጡ። መልኩ ያማረውን እየመረጡ፣ እየተጨዋወቱ፣ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ እየጨረሱ በከረጢት ያሽጉ ጀመር። ለልጆች የሚሄድ ነገር ተዝረክርኮ አይሰጥም ባይ ናቸው። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየን አንድ ቁራጭ አነሳሁ። ታጠፈ እንጂ አልተሰበረም። ሌላ አነሳሁ፤ እሱም ታጠፈ።

ደሜ ፈላ። ማንጎውን ምን ነካው ብዬ ብድግ ስል ባዶ እግሬ ወለሉ ላይ አረፈ። ወለሉ እርጥብ ነው። ቀና ብዬ ትሪዎቹን አየሁ፤ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው እርጥቡ ወለል ላይ ተደርድረዋል። እንዲህ የደረቀ ፍሬ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ሠላሳ ሰዓት ሙሉ ያስወጣነውን ውሃ በባልዲ መልሰን እያጠጣነው ነበር።

"ወለሉን ሁልጊዜ ትረጫላችሁ?" አልኩ።

"ያልረጨን ቀን እንዴት እንቀመጣለን?" አለች ሐያት።

"ሁለት ወር ሙሉ ስንነጋገር ለምን አልነገራችሁኝም?"

አዴ አሚና ረጋ ብላ አየችኝ። "እህቴ፣ ስለ ማሽኑ ጠየቅሽን፣ ነገርንሽ። ስለ ቤቱ መቼ ጠየቅሽን?"

አፈርኩ። ውሃውን የረጨውን እጅ የመረቅኩትም እኔው ነኝ።

ያንን ክፍል ዳግመኛ አትርጩ ልል ስል አዴ አሚና ቀደመችኝ። በዚህ ሙቀት ወለል ሳይረጭ ሰው ሊሠራ አይችልም፤ ሰዓቱን እንቀይር አለች። ከሱብሒ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ፀሐይም አልወጣችም፣ ውሃም ማንም አይፈልግም። አንድ ትሪ ሲታሸግ ሌላው ማሽኑ ውስጥ ተዘግቶ ይቆያል። እኔ ብሆን ማራገቢያ፣ ቴርሞሜትር፣ የመመሪያ ወረቀት አዝዝ ነበር።

የታሸገውንም ከፍተን፣ የለሰለሰውን ሁሉ ማሽኑ ውስጥ መልሰን እንዲደርቅ ተውነው።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ አንድ አንድ ትሪ እያወጣን ዝም ብለን፣ ፈጠን ፈጠን እያልን አሸግን። ጨዋታውን ወደ ቁርስ አዛወሩት። ረፋዱ ላይ ደቻቱ የሚባለውን ወንዝ ተሻግረን ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያለው መዋዕለ ሕፃናት ደረስን። ኃላፊዋ ከረጢት ቀዳ ቁራጩን ሰበረች፤ ልጆቹም ተሻሙበት። እሷ ግን ሁለቴ ተቃጥላለችና አላመነችም። የመጀመሪያ ቀንማ ሁልጊዜ ደህና ይመስል ነበር፣ ሳምንት ይቆይና ልክፈተው ብላ አንዱን ከረጢት ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ትክክል ናት።

አዴ አሚና ለመንገዴ ከዚያው ትሪ የታሸገ አንድ ከረጢት ሰጠችኝና፣ እሷ ስትከፍት አንቺም ክፈቺ አለችኝ።

ቤት

አርብ ማታ አዲስ አበባ በዝናብ ተቀበለችኝ። ከረጢቱን ሳልነካው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ለምን አንቀምሰውም ብሎ በየቀኑ ነዘነዘኝ። ሪፖርቱንም አልጨረስኩም፤ ባቡሩ ሳይነሳ የጻፍኩትን ግማሽ ግን ቀድጄ ጥዬዋለሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስልኬ ጮኸ። አዴ አሚና ናት፤ ከመዋዕለ ሕፃናቱ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ዝም በይና ስሚ አለችኝ። በስልኩ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ።

ከረጢቴን ቀደድኩና የእኔንም ስልኩ አጠገብ ሰበርኩት። ወዲያ ማዶ ሴቶቹ ሲስቁ ተሰማኝ።

ያን ዕለት ሪፖርቱን ጻፍኩ፤ ማሽኑ ካለበት አይነሳም የሚል ነው። ለሌሎቹ ማኅበራት በምልከው የጥያቄ ዝርዝር ላይም ከፓምፑና ከሰዓቱ በላይ አንድ አዲስ መስመር ጨመርኩ፦ "ቤታችሁ ውስጥ ቀኑን እንዴት ትውላላችሁ?"