ልጄ ከአጥሩ ውጭ ስታድር

ልጄ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት አዲስ አበባ የሄደች ዓመት፣ እኔ እንቅልፍ የምተኛው አንድ ነገር ይዤ ነበር፤ አጥሩን። ትምህርት ቤቱ የድንጋይ አጥር አለው፣ በሩ ላይ ዘበኛ ይቆማል፣ ሴቶቹ ለብቻቸው ተለይተው ያድራሉ ብለውን ነበር። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ይኸንኑ እነግር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢሆን፣ ወንዝ ዳር ቢሆን፣ ገበያ መንገድ ቢሆን፣ «ልጅሽ እንዴት ናት?» ሲሉኝ መልሴ «አጥር ውስጥ ናት» ነው። ደህና ናት ከማለት አጥር ውስጥ ናት ማለት ይቀለኝ ነበር።

ስለ አጥር ይኸን ያህል የማወራው የባሌን ወንድም ፈርቼ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ በልጄ ላይ እንደ አባት የሚናገረው እሱ ነበር። ንፋስ መውጫ ስትማር ተቆጣ። ደብረ ታቦር እህቴ ዘንድ ሆና ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ሁለት ጊዜ ሊያስቀራት ሞከረ። አዲስ አበባ ስትሄድ እንኳን የፈቀደው በጭንቅ ነው።

«አጥር ካለው፣ ዘበኛ ካለው፣ ይሁን» አለ። «ከአጥሩ የወጣች ዕለት ግን እኔ ራሴ ሄጄ አመጣታለሁ። ከእስቴ ለትዳር የጠየቃት ሰው እየጠበቀ ነው።»

የጠየቃት ሰው ሚስቱ የሞተችበት፣ ስድስት በሬ የሚጠምድ ገበሬ ነው። ስለ ሰውየው ክፉ አልናገርም፤ አንድም ቀን አልበደለኝም። ልጄ ግን እስከዚያ ድረስ የተማረችው የእሱን ከብት ልትቆጥር አይደለም።

በጥር ወር፣ አርብ ገበያ፣ ምስሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለ አንድ ቅቤ ነጋዴ ከአዲስ አበባ መጥቶ ቆመብኝ።

«እህቴ፣ ልጅሽን አይቻት መጣሁ!»

«ተመስገን! የት አገኘሃት?»

«ከጠላ ቤት።»

እጄ ላይ ያለው መስፈሪያ ወደቀ። ሰውየው ደንግጦ ሊያቃና ሞከረ፤ «ጠጥታ አይደለም እኮ! ቤቷ ነው እንጂ። ከጓሮው ክፍል ተከራይታ እዚያው ነው የምታድረው። መጽሐፏን አቅፋ በጠጪው መሀል ስታልፍ ነው ያየኋት» አለ። ባያቃናው ይሻለኝ ነበር።

አጠገቤ ጨው የምትሸጠዋ ሴትዮ ጆሮዋን አቁማ ኖሯል። «አጥር ውስጥ ናት ትይ አልነበረም?» አለችኝ።

«ጠላ ቤቱም እኮ አጥር አለው!» አለች ሌላዋ። ገበያው ሳቀብኝ።

በማግሥቱ ጧት የባሌ ወንድም በበቅሎ መጣ። አልወረደም፤ ከኮርቻው ላይ ሆኖ ነው የተናገረኝ።

«ሰኞ እነሳለሁ። ጸጉሯን ይዤ ነው የማመጣት።»

«አትነሳም፣ አያ። እኔ ነኝ የምሄደው።»

«አንቺ? ደብረ ታቦርን አልፈሽ የማታውቂ?»

«ያላለፍኩትን አልፋለሁ።»

«ሄደሽስ?»

«ላመጣታ!»

ያን ጊዜ እውነቴን ነበር። ማታለሌ አልነበረም። እኔም ፈርቻለሁ፤ እሱ በጸጉሯ ጎትቶ ከሚያመጣት እኔ በእጇ ይዤ ባመጣት ይሻላል ብዬ ነው። እሱም «ሁዳዴ ሳይገባ ካላደረስሻት አልቀርም» ብሎ በቅሎውን መለሰ።

ሦስት ቀን ከነጋዴዎች ጋር በእግሬ ሄጄ ደብረ ታቦር ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መኪና ነው። የዓባይን ቁልቁለት ስንወርድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ለልጄ የያዝኩትን የማር ቅል በሁለት እጄ አቅፌ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። የማውቀው ብዙ አይደለምና ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

አዲስ አበባ እንደ ደረስኩ ሰው እየጠየቅሁ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። አጥሩ እውነትም የድንጋይ ነው። ዘበኛውም እውነትም አለ። አላስገባም አለኝ።

«እናቴ፣ ያለ ፈቃድ አይገባም።»

አነጋገሩን ሰማሁና «የየት አገር ሰው ነህ?» አልኩት።

«ስማዳ።»

«እኔ የጎረቤትህ የጋይንት ሰው ነኝ!»

ዘበኛው ፊቱ በራ። የሚቀመጥባትን በርጩማ አውጥቶ ሰጠኝ። «ማስገባቱንስ አላስገባዎትም፤ እንጀራዬ ነው። ግን እዚሁ ይቀመጡ፣ መውጣቷ አይቀርም» አለኝ። ተቀመጥኩ። ስንት ልጅ ወጣ! ሁሉም የሰው ልጅ ነው፣ ሁሉም መጽሐፍ ይዟል። ወደ አመሻሽ ላይ ልጄ ከሁለት ሴት ልጆች ጋር እየሳቀች ብቅ አለች። ስታየኝ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«እምዬ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ወደ ጠላ ቤትሽ ውሰጂኝ።»

ፊት ፊቴ መምራት ጀመረች። ከዚያ ዞር ሳትል፣ «የሴቶቹ ማደሪያ ሞላ አሉን» አለች። «ዕጣ የደረሳቸው ገቡ፣ እኔ አልደረሰኝም። ብጽፍልሽ ደብዳቤውን የሚያነብልሽ አጎቴ ነው። እሱ ካወቀ ደግሞ ትምህርቴ አለቀ ብዬ ዝም አልኩ።»

እውነቷን ነው። እኔ ፊደሉን ቆጥሬያለሁ፤ የእጅ ጽሕፈት ግን ያን ጊዜ አይገባኝም ነበር። እየተቆጣሁ የምቆጣበት አጣሁ።

ቤቱ በጭቃ የተመረገ ረጅም ቤት ነው። ከፊት ለፊት ጠጪው አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ሥዕል አለ። በመጠጫው በኩል፣ በጓዳው በኩል ታልፎ፣ ጓሮ ሲደረስ የልጄ ክፍል ነው። ግድግዳው ጋዜጣ ተለጥፎበታል። አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ ሣጥኑ ላይ መጻሕፍት። በሩ የሚዘጋው በምስማር ነው። ምስማሩን በጣቴ ነካሁት፤ ተንቀሳቀሰ። «ነገ ዕቃሽን ሰብስቢ» አልኳት።

ባለቤቲቱን ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ግዙፍ የመንዝ ሴት። በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች።

«ምን አገኘሽበት ቤቴን?» አለችኝ።

«ሴት ልጅ ከሰካራም መሀል አታድርም።»

«ስሚኝ እህቴ፣ እኔ ጠላ እሸጣለሁ እንጂ ሰው አልሸጥም! ከዚህ ከጓዳው በር ያለፈ ወንድ እስከ ዛሬ አላየሁም። ካለፈም ተመልሶ በእግሩ አይወጣም።»

አላመንኳትም። አፍ ማንም አለው። ልጄ ግን ፈተና አለብኝ ብላ ለመነችኝና እስከ እሑድ ልቆይ ተስማማሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ክፍሏ ውስጥ ስታጠና፣ እኔ ጓሮ ጌሾ ስለቅም፣ አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ እየተንገዳገደ የጓዳውን በር ገፋ።

«ያቺ ተማሪ የት አለች? እስቲ እኛንም እንግሊዝኛ ታስተምረን!»

እኔ የምለቅመውን ጥዬ ብድግ አልኩ። ያቺ ግዙፍ ሴት ግን የጌሾውን ዘነዘና ከመውቀጫው ነቅላ መጣች። አልጮኸችም። ትከሻው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አሳረፈችበት። ሰውየው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኮቱ አንገት ይዛ፣ በጠጪው ሁሉ ፊት ጎትታ፣ መንገድ ላይ ጣለችው።

«የጠጣህበትን አልፈልግም፣ ፊትህንም አልፈልግም!» አለችው። ተመልሳ መጥታም ዘነዘናውን በቀሚሷ ጠርጋ ጌሾ መውቀጧን ቀጠለች።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የመጣልኝ። እኛ አገር የሌላው ዘመድ መሆን የፈለገ ሰው ጡት ይጣባል። እናት ወይም አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ያስነክራል፣ ልጅ የሚሆነው በሰው ፊት ያን ጣት ይጠባል፣ ይማማላሉ። ከዚያ በኋላ የሥጋ ልጅ ያህል ነው። የባሌ ወንድም ራሱ በወጣትነቱ የአንድ ባላባት ጣት ጠብቶ ነው ርስት ያገኘው፤ ጭቃ ሹምነቱንም በዚያው አግኝቶታል። ታዲያ ለእሱ የሆነ ለልጄ ለምን አይሆንም?

«የጡት ልጅ ብሰጥሽ ትቀበያለሽ?» አልኳት።

መውቀጧን አቆመች። «ይችን ቀጭኔ? ጡት ካቆመች እኮ ቆይታለች!» ብላ ዓይኗ እስኪያነባ ድረስ ሳቀች። እኔ አለመሳቄን ስታይ ቀልዴን እንዳልሆነ ገባት። «ልጄ ልትሆን? ኪራይስ?»

«ኪራይሽን ትከፍልሻለች። ቤት አልለመንኩሽም። እናትነት ነው የለመንኩሽ።»

ባለቤቲቱ ዘነዘናውን መውቀጫው ላይ አስደግፋ እጇን ጠረገች። «ማር አለሽ?» አለችኝ።

ያስቸገረችኝ ልጄ ናት። «እምዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጣት ልጥባ? ጓደኞቼ ቢሰሙ?»

«ጓደኞችሽ ከእስቴው ሰውዬ ያድኑሽ እንደሆነ ጠይቂያቸው! ወይ ጣቱን ትጠቢያለሽ፣ ወይ ነገ ከእኔ ጋር መኪና ትሳፈሪያለሽ።»

ምስክር ያስፈልጋል። የሰፈሩን ቄስ ጠራን። ያን የስማዳውን ዘበኛም ከሥራው ሲወጣ ለመንኩት፤ የአገሬ ሰው ምስክርነት አገሬ ላይ ይሰማልና። ሴትዮዋ አውራ ጣቷን ታጥባ ማሩን አስነከረች። ልጄ አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቱን ጠባች።

«አትንከሽኝ ደግሞ!» አለቻት። ቄሱ እንኳን ሳቁ። መሐላው ላይ ግን ማንም አልሳቀም። «እንደ ወለድኳት ልጠብቃት፤ ባልጠብቃት እግዜር ይፋረደኝ» አለች፣ ድምጿ ተለውጦ። በማግሥቱ የምስማሩን በር አስነቅላ በቁልፍ የሚዘጋ አስገጠመች። እኔም ያለ ልጄ ተሳፈርኩ።

አገሬ ስደርስ ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የባሌ ወንድም ሽማግሌ ሰብስቦ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር አስጠራኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ መሪጌታ ናቸው።

«ባዶ እጅሽን መጣሽ?» አለኝ የባሌ ወንድም።

«ባዶ እጄን አይደለም። ዘመድ አግኝቼ ነው የመጣሁ።» ሁሉን ነገርኳቸው። ጠላ ቤቱንም አልደበቅሁ፣ ሰካራሙንም አልደበቅሁ። ዘነዘናውን ስነግራቸው አንዱ ሽማግሌ በነጠላው አፉን ሸፈነ።

የባሌ ወንድም ግን ተነሣ። «የጠላ ሻጭ ጣት! የአባቷ ወገን ሳይፈቅድ! ይኸም ዝምድና ሆኖ እዚህ ይወራል?»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ መሀል ገባሁ።

«አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኩ። «አያ ዛሬ የሚያርሰውን ርስት ያገኘው ማን ወልዶት ነው?»

ሁሉም ያውቃል።

«በማር ነው ያገኘው። ለወንድ ሲሆን ያጸናችሁትን ለሴት ሲሆን ታፈርሱታላችሁ? የልጄ ይፍረስ ካላችሁ የእሱም ይፍረስ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፤ እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

«ይህች ሴት ምን ትላለች!» ብሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ወደ መሪጌታ ዞሩ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ቄስ ነበረ?» አሉኝ።

«ነበሩ፣ አባቴ። የስማዳ ሰውም ነበረ።»

«እንግዲያ ልጅቱ ከእናቷ ቤት ናት» አሉ። «ከእናቷ ቤት ጎትቶ የሚያመጣት ቢኖር መሐላ አፍራሽ ነው። ለእስቴው ሰው መልሱን ላኩለት።»

ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተበተኑ። የባሌ ወንድም በቅሎውን ፈትቶ፣ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ብቻ፣

«ሆዷ ገፍቶ የመጣች እንደሆነ ያን ጊዜ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ይኸን እኔም በመንገዱ ሁሉ ሳስበው ነው የመጣሁ። ዛሬም አርብ በመጣ ቁጥር፣ ነጋዴ ከሩቅ ባየሁ ቁጥር፣ ምን ወሬ ይዞብኝ መጣ እላለሁ። ለእሱ ግን ይኸን አልነገርኩትም።

«ሆዷ ገፍቶም ብትመጣ፣ ወረቀቷን ይዛም ብትመጣ፣ የምትመጣው ወደ እኔ ቤት ነው» አልኩት። «የአንተን ደጅ አታንኳኳም፣ አያ። በደህና ግባ።»

ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪጠፋ ድረስ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ እኔም ወደ ቤቴ መንገድ ጀመርኩ። ካልኩት አንዲት ቃል አልመለስኩም።