ለበቆሎ የለመደ እጅ

ልጄ ሲፈን ነቀምቴ በተከራየነው ቤት በረንዳ ላይ ያለ አፈር፣ በውሃ ብቻ ሰላጣ ታበቅላለች። አንዱ ረድፍ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ውሃውን ሞተር ያመላልሰዋል። ሌላው ሥሩን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ይኖራል። መብራት ሲጠፋ የቱቦው ይጠወልጋል፣ የባልዲው ይታገሣል። የሚሻለውን ለማወቅ ሁሉን በደብተር ትጽፋለች። ትናንት ኮሌጅ ልትሄድ ስትል «ሀርሜ፣ እማዬ፣ ማዳበሪያውን አንድ ክዳን ብቻ ጨምሪልኝ» አለችኝ። እጄን ሹራቤ ውስጥ ደበቅሁ።

ቢላ በምትባለው ከተማችን ስምንተኛ ክፍል ሳለን የሳይንስ አስተማሪያችን ይህንኑ አሳይቶን ነበር። ሞተር አልነበረንም። እኔ ሰላጣዬን የዘይት ጣሳ ውሃ ላይ አቆምኩ። ጓደኛዬ ሌንሴ ሁለት ጣሳ ደራረበች፤ ከላይ አሸዋ፣ ከታች ውሃ፣ በመካከል እንደ ኩራዝ ክር የሚስብ ጨርቅ። ሰላጣዋ የተሻለላት ልጅ ነቀምቴ አዳሪ ሆና ትማራለች ተባለ። እኔን አባቴ ያስተምረኛል። ለሌንሴ ግን ባል ተገኝቶላት ነበር፤ ለመማር ያላት ተስፋ ያ ጣሳ ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ ሌንሴ ለአያቷ ለቅሶ ልትሄድ ሆነ።

«ኢንታሎ፣ አንቺ ልጅ፣ የኔንም እዪልኝ።»

«ያንቺ በልጦኛል፤ በቅናት ብበላውስ?»

«ብዪው፣ ጨው ብቻ አትርሺ። ገለቶሚ» ብላ አመሰገነችኝ።

ጎተራችን ሥር ከክረምት የተረፈ ዩሪያ ማዳበሪያ ነበር። ለበቆሎ በእጄ እየዘገንኩ ስለኖርኩ ልኩን የማውቅ መሰለኝ። ለጣሳዬ አንድ እፍኝ ጨመርኩ። የራሴን ብቻ ብመግብ ቅናት ይሆንብኛል ብዬ ለሌንሴም እፍኝ ሙሉ ሰጠሁ። ጸለይኩላቸውም። አፈር ቢሆን ይችለው ነበር፤ ውሃ ግን ሁሉንም ለሥሩ ሰጠው።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተቃጥለው ተኙ። ሌንሴ ከለቅሶ ቤት ቂጣ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። ቅጠሎቹን ቆማ አየች።

«ጌታ ያልፈቀደው ነው» አለች።

ቂጣውን በላሁ።

በጥር ኪራሙ ወደሚባል ሩቅ ወረዳ ተዳረች። እነግራታለሁ እያልኩ ዓመታት ሄዱ፤ በኋላም በግጭቱ መንገዱ ተዘጋ። ከኪራሙ ተፈናቅሎ የመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ። የሚያውቃት አላገኘሁም።

ማዳበሪያውን በክዳኑ ለካሁ፤ ሁለት ጊዜ አይቼ ጨመርኩ። ልጄ ትማራለች፤ ጌታ ይመስገን። ያደረግሁትን ለእርሱ ነግሬዋለሁ፤ ይቅር እንዳለኝም አምናለሁ። ሌንሴ ግን፣ በሕይወት ካለች፣ እስከ ዛሬ እርሱ ያልፈቀደላት ይመስላታል።