ላጤ ድልካ አይሸትም

የዚያን ዓርብ ጠዋት ገዳሪፍ ላይ ከኔ ፊት በላይ የሚያበራ ነገር ቢኖር ፀሐይ ብቻ ነበረች። እሷም ለጥቂት ነው ያሸነፈችኝ።

ፊቴ ወዛም ነው። ወዛም ስል መልከ መልካም ማለቴ እንዳይመስላችሁ... ከግንባሬና ከአፍንጫዬ ላይ ዘይት ይጠረጋል ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ከመተማ ወደ ሱዳን ከተሻገርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ የምሠራውም የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ቤት ነበር። ጓደኞቼ «ሰሊጡ ሲያልቅ አንተን እንጨምቅሃለን» እያሉ ሲስቁብኝ ይውላሉ። በልብስ ሳሙና ፈተግሁት፣ ሎሚ ቀባሁት... ወይ ፍንክች! እንዲያውም በፈተግሁት ቁጥር ባሰበት። የሕፃን ፓውደር ብነሰንስበት ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ሊጥ ሆነ።

ሌላ ቀን ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ያን ዕለት ግን የሙሉ አባት ሊያዩኝ ነው። ሙሉን እወዳታለሁ፤ እንቅልፍ እስኪያሳጣኝ ነው የምወዳት። ሽማግሌዎቼ ሄደው ሲጠይቁልኝ አባቷ «እስቲ ልጁን አምጡትና ፊቱን ልየው» ብለው መለሷቸው። ፊቱን! ሌላ የሚያዩት አጥተው ነው?

ሲጨንቀኝ ሱዳናዊት ጎረቤቴ ኻልቲ ዘይነብ ዘንድ ገባሁ። በዕድሜ እናቴ የምትሆን ሴት ናት፤ ኻልቲ የምላትም አክስቴ ለማለት ነው። ዐረብኛዬ ደግሞ የገበያ ዐረብኛ ነው። «ሚስት ላጭ ነው» የሚባለው ቃል ጠፋብኝና «ኻልቲ፣ አና ዐሪስ!» አልኳት። ሙሽራ ነኝ ማለቴ ነው። ከዚያ ፊቴን በጣቴ እያሳየሁ አንድ ነገር አድርጊልኝ ብዬ ለመንኳት።

እልልታዋን አቀለጠችው። «መብሩክ! መብሩክ!» እያለች ከጓዳ ቡናማ ሊጥ የመሰለ ነገር አወጣችና ፊቴን፣ አንገቴን፣ ክንዴን ታሸኝ ጀመር። ድልካ ይሉታል። በጭስ የታጠነ፣ ቅርንፉድና ሰንደል የገባበት፣ ሽታው መንገድ የሚሻገር ነገር ነው። ሱዳን ውስጥ በድልካ የሚታሸው ሙሽራና ባለትዳር መሆኑን ያኔ ማን ነግሮኝ! ለካ በውስጡ ቅባትም አለበት። ስታጠብ ፊቴ የተወለወለ ትሪ መሰለ።

የሆነው ሆኖ ከሽማግሌዬ ከአያ ደመቀ ጋር ሄድን። የሙሉ አባት ገዳሪፍ ውስጥ ሱቅ ከፍተው ያረጁ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል አንሥተው ወደ ጉንጬ ተጠጉ... ቆሙ። አሸተቱኝ። አሁንም አሸተቱኝ።

«ይሄ ልጅ ሚስት አለው» አሉ።

«ኧረ በስመአብ!» አለ አያ ደመቀ፤ «ምን ሚስት አለው? ሻሂ እንኳ ለብቻው ነው የሚያፈላው!»

«ተወኝ አያ ደመቀ! እኔ እዚህ አገር ጠጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። ላጤ ላብ ይሸታል፣ ላጤ ሽንኩርት ይሸታል... ላጤ ድልካ አይሸትም! ይሄን ልጅ ያሸችው ሴት አለች!»

«አለች፣ ግን...» አልኩ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።

ከመጋረጃው ኋላ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ሙሉ ናት። የኔም ነገር እዚያው ያለቀለት መሰለኝ፤ ላብና ዘይት ተደባልቆ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል።

«አባቴ፣ ለፊቴ ብዬ ነው። ወዙን ለማጥፋት...»

«ወዝ ለማጥፋት? ሰው ወዝ ስጠኝ ብሎ ፈጣሪውን ይለምናል እንጂ ያጠፋል? ለውሸትም እኮ ልክ አለው! በል፣ ሴትዮዋ ትምጣና ትናገር።»

አያ ደመቀ በባለሦስት እግር ረክሻ ከንፎ ኻልቲ ዘይነብን ይዟት መጣ። ዳንኩ ብዬ ተነፈስኩ። እሷ ግን ገና ከደጅ እልልታዋን ለቀቀችውና «ዐሪስና ወይን? የታለ ሙሽራችን?» እያለች ገባች።

«ይኸው!» አሉ የሙሉ አባት እጃቸውን አጨብጭበው፤ «ምስክርህ ራሷ ሙሽራ እያለችህ ነው!» ከዚያ ቆጣ ብለው ወደ እሷ ዞሩና በዐረብኛ ጠየቋት። «ዐሩስቱ ወይን? ሙሽሪትስ የት አለች?»

ኻልቲ ዘይነብ ሽማግሌዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ መጋረጃውን አየች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ዒንዳኩም!» አለች። እናንተ ዘንድ ነቻ! «ልጅቷን ቤታችሁ ደብቃችሁ እኔን ትጠይቁኛላችሁ?»

 ከመጋረጃው ኋላ ሙሉ ሳቋን ለማፈን ስትታገል ይሰማል። አባቷ አዩኝ... ተንጠባጠብኩላቸው። ከዚያ ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«እንግዲህ ሙሽራው አንዴ ከታሸ ምን ይደረጋል!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ነይ ውጪ ሙሉ። ለዚህ ሰው ፎጣ ስጪው፣ ምንጣፌን ሳይጨርሰው።»

ዛሬ ሙሉ ሚስቴ ናት። መጀመሪያ ያደረገችው ሳሙናዬን መደበቅ ነው። «ስትፈትገው ቆዳህ የደረቀ ይመስለውና ዘይቱን ያበዛዋል። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ሳሙና ታጠብና ተወው» አለችኝ። ተውኩት። አልጠፋም፣ ግን ቀነሰ። ድልካውን ደግሞ ከኻልቲ ዘይነብ ተምራ አንገቴንና ክንዴን ራሷ ታሸኛለች።

አማቴ ግን እስከ ዛሬ ስሄድ ከመሳማቸው በፊት ያሸቱኛል። አንዳንዴ ታዲያ ድልካ ካልሸተትኩ ፊታቸው ይለወጥና ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው... «ምነው ልጄ፣ ተጣላችሁ እንዴ?»