ሰርፀ የቆለፈባት የልብ መመርመሪያ

ሶሬቲ የእንጦጦ ጋራ ልጅ ናት። አባቷ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ቪላ ቆሞበታል፤ እሷ ከዚያው ከፍ ብላ በምትገኝ ትንሽ ጤና ጣቢያ የጤና መኮንን ሆናለች። ሰው መናቅ አትወድም። አለቃዋን ሰርፀን ለመናቅ ግን ብዙም አልተቸገረችም።

መዳፍ ላይ የምትያዝ፣ ስልክ ላይ ተሰክታ የልብን አሠራር የምታሳይ አልትራሳውንድ በእርዳታ የመጣች ዕለት ሰርፀ ከረባቱን አስሮ፣ ሪባን ቆርጦ፣ መሣሪያዋን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ፎቶ ተነሳ። እንግዶቹ እንደሄዱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባት።

«ስልጠናውን የወሰድኩት እኮ እኔ ነኝ» አለችው ሶሬቲ። «ይስጡኝና ልሥራባት።»

«ብትሰበርስ? ማን ሊጠየቅ ነው? ልቡን ያመመውን ወደ ሆስፒታል ላኪ።»

የቱን ከየቱ ለይታ ትላክ? ጋራው ላይ ዳገት ሲወጣ የማያለከልክ ማን አለ? ሰርፀ እንደሆነ ከወሰን ሰፈር በመኪና መጥቶ በመኪና ነው የሚመለሰው፤ ዳገቱን የት ያውቀዋል!

ክረምት ላይ ጉዲሳ የሚባል ግንበኛ ነፍሰ ጡር ሚስቱን የሺመቤትን ደግፎ አመጣት። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ስትጋደም ትንፋሿ ስለሚቆራረጥ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። ሌላ ቦታ አስም ነው ብለዋት ነበር። ሶሬቲ ደረቷን አዳምጣ ልቧን ተጠራጠረችና፣ ቁም ሳጥኑ እንዲከፈትላት ስብሰባ ለሄደው ለሰርፀ ደወለችለት።

«ስመለስ እናየዋለን» አላት።

«እስኪመለሱ ብትሞትስ?»

ዘጋባት።

ሶሬቲ ከጥበቃው መዶሻ ተቀብላ የቁም ሳጥኑን ጓጉንቸር ሰበረችው። መሣሪያዋን የሺመቤት ደረት ላይ ስታሳርፍ ስልኩ ላይ ታየ፦ ከልብ ክፍሎች መሐል ደም የሚያሳልፈው በር ደድሮ፣ የቀረው ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ነበር።

«አስም አይደለም፤ የልቧ በር ጠቧል» አለችው ጉዲሳን። «አሁኑኑ እንሂድ።»

ሳንባዋ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ የሚቀንስ መርፌ ወጋቻት፤ ምስሉን ለልብ ሐኪም ላከችና በአምቡላንስ አብራት ወረደች።

ሰርፀን ሲመለስ ያሳሰበው የሴትዮዋ ነገር ሳይሆን የተሰበረው ጓጉንቸር ነው። «ከሥራ አስባርርሻለሁ!» ብሎ ሶሬቲ ላይ ጮኸ። የሺመቤት ግን ተረፈች፤ የልቧ በር በደም ሥር በገባ፣ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ተለጥጦ ሰፍቶላት ሴት ልጅ ወለደች። ወሬው ከበላይ አለቆች ዘንድ ሲደርስ ሰርፀ ማባረሩን ረሳና በተሰናዳው የምስጋና ዝግጅት ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ «እኔ በሰጠሁት አመራር...» እያለ ንግግር ጀመረ።

ልጁን ታቅፎ የተቀመጠው ጉዲሳ ወደ ሶሬቲ ዞሮ፣ ድምፁን ሳይቀንስ «ይሄ ደግሞ ማነው?» አላት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰርፀ ንግግሩን ሳይጨርስ ተቀመጠ፤ ሶሬቲ ሕመምተኞች ስለሚጠብቋት ተነስታ ወጣች።