ምልክቱ ታየኝ

በወረታ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ጡረታ ከወጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ከባሕር ማዶ ለመጡ ሰዎች ለአሥር ቀን አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚያ ሥራ የጠየቀኝን ሁሉ መልካም ሰዎች ነበሩ ብዬ አሰናብተዋለሁ። መልካም ሰዎች መሆናቸው እውነት ነው። ሳልናገር የቆየሁት የራሴን ድርሻ ነው።

የመጡት የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው። በየዓመቱ የዕረፍት ጊዜያቸውን አጠራቅመው ወደ አንድ ሩቅ አገር ይሄዳሉ፤ ለጥቂት ቀናት ችግረኛ ይረዳሉ፣ በዚያውም ወንጌል ይሰብካሉ። በዚያ ዓመት ዕጣው ለፎገራ ደረሰ። መሪያቸው በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር የቀድሞ ነርስ ነበረች። ያመጡት የንባብ መነጽር ነው። ወሩ ጥር ስለነበር ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገበሬው ፋታ አግኝቷል። ድንኳናቸው ከሩዝ መፈልፈያው ባሻገር ባለው ሜዳ ላይ ተተከለ።

በድንኳኑ ውስጥ ሦስት ጠረጴዛዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ዓይን ይመረመራል፤ በሁለተኛው መነጽር ይሰጣል፤ በሦስተኛው አንድ ጢማም ጎልማሳ ቅጽ ይዞ ተቀምጦ፣ መነጽሩን የተቀበለውን ሰው ስለ ነፍሱ መዳን ይጠይቃል። የእኔ ቦታ ከጎልማሳው አጠገብ ነበር። ጥያቄውን በአማርኛ «ድነዋል?» አልኩት።

በእኛ ቋንቋ ከሕመም የተፈወሰውም ከኃጢአት የተዋጀውም በዚሁ በአንድ ቃል ይጠራል። መነጽር ካደረገ ገና ሁለት ደቂቃ ያልሞላውን ሰው ድነዋል ወይ ብለው ሲጠይቁት ስለ ዓይኑ የተጠየቀ ይመስለዋል። ነፍስዎ ድናለች ወይ ብል ኖሮ፣ ይህን ፈጣሪ እንጂ ማን ያውቃል የሚል መልስ ይመጣ ነበር፤ ክርክርም ይነሣ ነበር፤ ሰልፉም ይቆም ነበር። ይህን ሁሉ ዐውቄ ነው ቃሉን የመረጥኩት። ሰዎቹ ድነናል፣ ተመስገን ይላሉ፤ ጎልማሳው ቅጹ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። አንድ የጉማራ ወንዝ ዳር ገበሬ ዓይኔስ ድኗል፣ ጉልበቴን ግን ገና አላያችሁትም ብሎ ሰልፈኛውን አሳቀው። እኔም «አዎ ብሏል» ብዬ ተረጎምኩ።

በስድስተኛው ቀን የኔታ መጡ።

የኔታ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው የድጓ መምህር ናቸው። እኔም ወደ አስኳላ ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ ተምሬያለሁ። የድጓ ዜማ የሚመራው ከፊደሉ በላይ በተጻፉ ደቃቅ ምልክቶች ነው። የኔታ ዜማውን በቃላቸው ያውቁታል፤ ነገር ግን ተማሪ መጽሐፉን ይዞ «እዚህ ላይ ያለው ምልክት የትኛው ነው?» ሲላቸው ምልክቱን ለይተው ማየት ካቆሙ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ድንኳኑ ድረስ ያመጣቸው ይኸው ነው። መጽሐፋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ነበር። መነጽሩን አድርገው ገለጡት፤ ለረጅም ጊዜ አንገታቸውን ሳያቀኑ ቆዩ። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ጠረጴዛ መጡና እንደ ሌላው ሰው ተጠየቁ።

«ድኛለሁ ልጄ፤ ምልክቱ ታየኝ» አሉ።

እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ። በእንግሊዝኛው አንድ አረጋዊ የሃይማኖት መምህር ከሰማይ ምልክት አይቶ መዳኑን የመሰከረ ሆነ። ጎልማሳው ብድግ አለ፤ ሌሎቹም ተጠሩ፤ ነርሷ ዓይኗን ጠረገች። ከበቧቸውና እጃቸውን በየኔታ ራስ ላይ ጭነው ጸለዩ። የኔታ ጥምጥማቸው እንዳይወድቅ አንድ እጃቸውን አነሡ። ከእንግዶቹ አንዱ ፎቶግራፍ ያነሣቸው በዚያች ቅጽበት ነው። ይህን ሁሉ ቆሜ አየሁ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላርመው እችል ነበር፤ አላረምኩም። ከኋላ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ደግሞም በሁሉም ፊት ላይ ደስታ ነበር።

እንግዶቹ በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት ፎቶግራፉ እነርሱ በእንግሊዝኛ ከሥሩ ከጻፉት ጽሑፍ ጋር በስልክ ወረታ ደረሰ። የኔታ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ተባለ። እንዲህ የተባለ መምህር ወንበሩን ያጣል፤ ልጁን ለእርሱ የሚሰጥ ወላጅም አይገኝም። እርሳቸው ደግሞ ከዚያ ወንበር ሌላ ቤትም ሆነ ሥራ የላቸውም። እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በሰንበቴው ቤት ለጉዳዩ ተቀመጥን።

አንድ የደብሩ ሰው ነገሩን በቀልድ ጀመረው፤ የኔታ ከፈረንጆቹ ጋር ሲዘምሩ ዋሉ አሉ፣ እኛንም ያስተምሩን አለ። የኔታ የማላውቀውን ዜማ አልዘምርም፣ አንተ ግን የምታውቀውንም በቅጡ አትዘምረውም አሉት። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ቄሰ ገበዙ ግን አልሳቁም። ስልኩን ለእኔ ዘረጉልኝ።

«መምህር፣ እርስዎ ቋንቋቸውን ያውቃሉ። ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ ያንብቡልን።»

ጽሑፉ አጭር ነበር። «አንድ ሽማግሌ መምህር ምልክት አይተው ዳኑ» ብዬ ብተረጉመው ሐሰት አይሆንም። በዚያ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ መነጽሩንና ድጓውን አስቦ ጉዳዩን ይዘጋው ነበር። ያው ቃል የኔታንም ነጻ ያወጣቸዋል፤ እኔም ሳልነካ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ይህ ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ታሰበኝ። ወደ የኔታ ተመለከትኩ። መነጽሩን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር ፊቴን አያዩም፤ የሚጠብቁት ድምፄን ብቻ ነው።

ጽሑፉን በሚገባው ትርጉም፣ አንድ ሽማግሌ መምህር ከሰማይ ምልክት አይተው ነፍሳቸው ዳነች ብዬ አነበብኩ። ጉርምርምታ ሲጀመር ስልኩን መለስኩና ተናገርኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለ ነፍስ ጠይቅልን ሲሉኝ ስለ ዓይን አስመስዬ ጠየቅሁ። የኔታ ስለ ድጓው ምልክት ሲመልሱ፣ ስለ ተአምር አስመስዬ አቀበልኩ። ሁለቱንም ጊዜ ዐውቄ ነው።»

የመለሱልኝ የኔታ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ይህን ከእኔ ቤት ተምረኸው ከሆነ፣ ክፉ አስተምሬሃለሁ።»

ቄሰ ገበዙ መነጽሩን ከየኔታ ጉልበት ላይ አንሥተው ጠበል አስመጡና ረጩት፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገውም መለሱላቸው። የደብሩ ፍርድ ይኸው ነበር። በእኔ ላይ የነፍስ አባቴ የጣሉብኝን ቀኖና እዚህ አልጽፈውም።

ለነርሷም ደብዳቤ ጻፍኩ። ፎቶግራፉን በዚያው ቀን አስወግዳ ይቅርታ ጠየቀች። ከይቅርታው በታች ግን፣ አዎ ያሉት ሌሎቹስ ምን ብለው ነበር የሚል አንድ ጥያቄ አስከትላለች። ሁሉም የተጠየቁት በዚያው ቃል እንደሆነ ገልጬ መለስኩ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ለዚያ «አዎ» ነበርና ምን እንደተሰማት እገምታለሁ። ደግማ አልጻፈችም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ አገር መሄዳቸውን ሰማሁ።

የኔታ ወንበራቸው ላይ ቀሩ። መነጽሩን አድርገው፣ ጣታቸውን ከምልክት ወደ ምልክት እያሻገሩ ሲያርሙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሆኖም አንድ አባት የደብሩን ፍርድ አልተቀበለም፤ ሁለት ልጆቹን ወስዶ ይፋግ ላለ መምህር ሰጠ። ሁለቱ ከተማሪዎቹ ሁሉ የተሻሉ ነበሩ፤ ወንበሩን ይወርሳሉ የተባለውም ታላቅየው ነው። ልለምነው ሁለት ጊዜ ሄድኩ። በአክብሮት አስቀመጠኝ፤ ልጆቹን ግን አልመለሰም።

የኔታ ስለ እነርሱ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀውኛል።

«የይፋጉ መምህር ዓይኑ ደኅና ነው?»

ደኅና ነው፣ ገና ጎልማሳ ነው አልኳቸው። ይህን ከመናገሬ በፊት ይፋግ ሄጄ አጣርቼ ነበር።

«እንግዲያው ይማራሉ» አሉና ወደ መጽሐፉ ተመለሱ።