አባቴ ለዋስትና የመጡ ዕለት

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፤ ወደ ደሴ የሚወጡት የጭነት መኪናዎች ማርሽ ሲቀይሩ ይሰማናል። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ክንድ የማታሾልክ ክፍተት አለች፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ በእሷ ይገባል። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት አንዲት ጠና ያሉ ሴት እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝና፣ "በምን ገባሽ?" አሉኝ።

"በቁልፍ" አልኳቸው።

ሳቁ። እውነቴን ግን ነበር። የማስተምርበት ትምህርት ቤት የማባዣ ማሽኑ ክፍል ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። ከተማው ውስጥ የተቃውሞ ወረቀት ተበተነ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው ተባለ፣ እኔ ዘንድ ሆነ። በቃ። እሳቸው ደግሞ የአልዩ አምባ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ የሚፈለግ የወንድማቸውን ልጅ ጓዳ ደብቀው ነው የተያዙት። ልጁን ከቤታቸው ወስደውታል፣ የት እንዳደረሱት አልነገሯቸውም።

በታሰርኩ በስምንተኛው ወር የእስር ቤቱ ካድሬ አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ። እዚያ ግቢ ውስጥ ወንበር ሲሰጥ ነው መፍራት።

"እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው አሉ። ፈረንሳይኛም።"

"አስተምር ነበር።"

"አንድ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ይፈልጋል። ከንግድ ልዑካን ጋር የምትዞር። በዚህ ወር ሶፊያ፣ በሚቀጥለው ፓሪስ፣ ከዚያ ሮም። ሻንጣሽን ለመፍታት እንኳ ጊዜ አይኖርሽም።"

ቀጥሎ የሥራውን ሆድ ዕቃ ነገረኝ። ፓሪስና ሮም አንመለስም ያሉ የእኛ ተማሪዎች አሉ። እኔ የአገር ልጅ መስዬ እጠጋቸዋለሁ፤ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና የሚሰበሰቡበትን ይዤ እመጣለሁ። ዋሴ አባቴ ናቸው። ሄጄ ብቀር ይቺን የመጋዘን ቦታዬን እሳቸው ይይዟታል። ለማሰቢያ ሦስት ቀን ሰጠኝ።

እንዳልዋሽ፣ ልቤ ዘለለ። አንኮበር ነው ያደግሁት። አባቴ ከሚያገለግሉበት ደብር ቅጥር ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያዩት ቆላው ማለቂያ የለውም፤ ልጅ ሆኜ "ከዚያ ማዶስ? ከዚያስ ማዶ?" እያልኩ ሰው አስቸግር ነበር። ተማሪዎቼን በካርታ ላይ ስንት ባሕር አሻግሬያለሁ፣ እኔ ራሴ ግን ከበሬሳ ወንዝ የሚበልጥ ውኃ አላየሁም። ፓሪስ ሲለኝ የጠላሁት ሰውዬ አፍ ጣፈጠኝ። ለዚህም በራሴ ተናደድኩ።

ለነጋዴዋ ነገርኳቸው።

"ሂጂ!" አሉኝ ሳልጨርስ። "ሂጂ ልጄ። አንዴ ከወጣሽ ማን ያገኝሻል?"

"ዋሱ አባቴ ናቸው፣ እትዬ።"

ነጋዴ ናቸው፣ ዋስ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳቸውም። "እንግዲያስ እየሄድሽ ትመለሻለሽ። ከዚህ ብርድ አይሻልም?"

"የልጆቹን ስም ይዤ ነው የምመለሰው።"

እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩ። "ወላሂ፣" አሉ በመጨረሻ፣ "የወንድሜን ልጅ ስም የሰጠውም እንዲህ ተቀምጦ ሳያስብበት አልቀረም።" ከዚያ ወዲህ ሂጂም አትሂጂም አላሉኝም።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ተጠራሁ። አባቴ ካድሬው ቢሮ ተቀምጠዋል። ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ በበቅሎ መንገድ አቧራ የለበሰ ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው። አገሬው በእርሻ ድንበር ሲጣላ፣ ሰው ሲከሰስ፣ ዋስ የሚጠራው እሳቸውን ነው፤ አንድም ቀን አሳፍረው አያውቁም። ዋስ ይፈለጋል የሚለው መልእክት ሲደርሳቸው ሌላ ነገር አልጠየቁም። ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄን ላመጣ ነው" ብለው ወጥተዋል። ማኅተማቸውን በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል።

ካድሬው ወረቀቱን ገፋ አደረገላቸው። "እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ አባ።"

"ዓይኔ ደክሟል። ያልሰማሁት ላይ አልፈርምም።"

ካድሬው ሰዓቱን አየና ወደ እኔ ዞረ። "አንብቢላቸው። ዋና ዋናውን ብቻ።"

በሩ ክፍት ነበር። እስረኞቹ ፀሐይ ሊሞቁ ግቢው ውስጥ ወጥተዋል። ተነሥቼ ቆምኩና የኋላ ወንበር በሚደርሰው የክፍል ድምፄ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። የዋሱን አነበብኩ። ካድሬው "ይበቃል" አለ። የተማሪዎቹን ስምና አድራሻ በየጉዞው መጨረሻ እንደማቀርብ የሚለውን አነበብኩ። "ይበቃል ብያለሁ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ቀንና ፊርማ እስከሚለው ድረስ ጨረስኩት።

"እስቲ እሱን ድገሚው፣ የተማሪዎቹን" አሉ አባቴ።

ደገምኩት።

"በአንቺ ፈንታ መታሰሩን እሺ። አሁኑኑ ግባ ቢሉኝም እገባለሁ። የሰው ልጆች ስም የሚለውን ግን፣ አንቺ እሺ ብለሻል?"

"አላልኩም፣ አባባ።"

"እንግዲያው ምን አስቀመጠን?" ብለው ማኅተሙን ወደ መሐረቡ መልሰው ቋጠሩና ተነሡ።

ካድሬው እዚሁ ትበሰብሻለሽ አለኝ። አባቴን ደግሞ ልጅህን በገዛ እጅህ ቀበርክ አላቸው፣ አንተ እያለ። አባቴ ግንባሬን በመስቀላቸው ዳሰሱና ወጡ። ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ለዚያ ሁሉ ጎረቤት ምን ይሉ ይሆን? ያን ዕለት ያቃጠለኝ እሱ ነው፣ የካድሬውስ ዛቻ ለምጄዋለሁ።

ዘቡ ሊጎትተኝ መጣ።

"ክንዴን ልቀቅ" አልኩት። "መንገዱን አውቀዋለሁ።"

ለቀቀኝ። ግቢውን ለብቻዬ፣ ሳልቸኩል አቋረጥኩት።

"ድምፅሽ እዚህ ድረስ ይሰማል" አሉኝ ነጋዴዋ ከግድግዳው ሥር ሆነው።

"እንዲሰማ ብዬ ነው።"

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ተቀመጥኩ። ስፈታ ወደ ማስተማር መለሱኝ፣ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። አባቴ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሡብኝም። ባሕር አላየሁም። ይቆጨኛል፣ አልቆጨኝም ብዬ ጀግና አልመስልም። እነዚያ ተማሪዎች አሁን እንደኔ አርጅተው የልጅ ልጅ ያቅፉ ይሆናል። አንዱንም በስም አላውቅም፣ የት እንደሚኖሩም አላውቅም። ያን ዓመት ከሰባት ወር የተቀመጥኩትም ይህን እንዳላውቅ ብዬ ነው።