የወንድሜ መቃብር በአውበሬ

ጎንደር፣ እሁድ ጠዋት

ሰንበት ባለፈ ማግስት ከጎንደር ተነሣሁ። መድረሻዬ በሱማሌ ክልል ያለችው አውበሬ ናት። ታናሽ ወንድሜ አስረስ እዚያ በርና መስኮት እየበየደ ይኖር ነበር። በወባ ሞቶ መቀበሩን የሰማነው ግን ከሁለት ወር በኋላ፣ ከዚያ ከመጣ ነጋዴ ነው። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። የምኩራባችን መምህር «መርዶው ከሠላሳ ቀን በኋላ ለደረሰው ሰው ሰባቱ የለቅሶ ቀን ይቀርና አንድ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል» ስላሉን፣ ጫማችንን አውልቀን መሬት ላይ ተቀመጥንና ሰዓቱ ሲሞላ ተነሣን።

ለአባቴ ግን አልበቃውም። «ዐፅሙን ከእናቱ ጎን አምጪልኝ» አለኝ። መምህሩም፣ ወደ ዘመዶቹ መቃብር ከሆነ ሕጉ አይከለክልም አሉ።

ጅግጅጋ

በአዲስ አበባ በኩል በአውሮፕላን ጅግጅጋ ገባሁ። ነፋሱ አቧራ ያነሣል። ምግብ ቤቶቹ ሩዝ በፍየል ሥጋ ያቀርባሉ፤ እኔ ሙዝ ገዛሁና የአውበሬው ሚኒባስ እስኪሞላ ከቤት በያዝኩት ዳቦ በላሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ልብስ ነጋዴ ታስተውለኝ ነበር።

«ሥጋ አትበይም? ጾም ነው?»

«አይደለም። የራሳችን ሰው ያላረደውን አንበላም። አይሁድ ነኝ።»

«እስራኤል ኖረሻል?»

«ሄጄም አላውቅ።»

ትንሽ አሰበች። «ብርቱካንስ ይፈቀዳል?» አለችና ግማሹን ሰጠችኝ።

መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው። ግመሎች አስፋልቱን እስኪሻገሩ ሁለቴ ቆምን።

አውበሬ

ለአስረስ ቤት ያከራየችው ሴት ሳህራ ትባላለች። ሠፈሩ «ኤዶ» ይላታል፤ አክስት እንደማለት ነው። አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ስለ ቀብሩ ነገረችኝ።

«ክርስቲያኖቹ የኛ አይደለም፣ መቃብራችን አይገባም አሉ። የኛም ሽማግሌዎች የኛ አይደለም አሉ። ሬሳ ደግሞ አይከርምም። አንድ ቀን፣ እናንተ ሰው ሲሞት ምን ታደርጋላችሁ ብዬው ነበር። ይታጠባል፣ በነጭ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ በቶሎ ይቀበራል አለኝ። እንደኛ ነው አልኩት።»

«ማን አጠበው?»

«ባሌ አብዲና ወንድሜ ዩሱፍ።»

መቃብሩ እርሻቸው ዳር ነው። ድንጋይ ተደርድሮበታል፤ ፍየል እንዳይረግጠው በእሾህ ታጥሯል።

«ለቅሶ ስንት ቀን ተቀመጣችሁ?» አለችኝ።

«አንድ ሰዓት። መርዶው ስለዘገየ ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«ለወንድም አንድ ሰዓት?»

«ለመቀመጡ ነው ኤዶ። ሐዘኑ አላለቀም።»

የመጣሁበትን መናገር ከበደኝ፤ ግን ነገርኳት።

«ወንድምሽ ነው፤ ትወስጂዋለሽ» አለች መቃብሩን እያየች። «እነአብዲን ልጥራቸው። ያጠቡት ሰዎች ያውጡት።»

ልትሄድ ስትነሣ እጇን ያዝኩ። «ይቅር ኤዶ። መጀመሪያ አባቴን ላናግረው» አልኩ።

ጎንደር፣ ሐሙስ

አባቴ በር ላይ ጠበቀኝ። ባዶ እጄን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ሳይቆጣ በፊት ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ቦታው አልጠየቀኝም።

«ያጠቡት እነማን ናቸው አልሽኝ?»

«አብዲና ዩሱፍ።»

ስሞቹን እንዳይረሳቸው ደጋገማቸው። «እንግዲያስ ይረፍ» አለ።

ስሄድ ሕጉ መውሰድን እንደሚፈቅድ አውቅ ነበር፤ መተውም እንደሚቻል የገባኝ እሾህ አጥሩ አጠገብ ቆሜ ነው። አሁን አባቴን ስለ ልጁ የሚጠይቀው ሰው ሲኖር፣ «አውበሬ ነው ያለው፤ ሰዎች አሉት» ይላል።